ሞት ያልታቀደበት መንደር

ሬሳውን ያገኙት ሰኞ ማለዳ ቅቤ ተሸክመው ከቱላ ወደ አዋሳ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ነበሩ። ካሳሁን፣ የጡረተኞች መንደር ሊቆረቆርበት የታሰበው ሜዳ ዘበኛ፣ ለመሠረት ከተዘጋጀው ጥርብ ድንጋይ አጠገብ በጀርባው ተዘርግቷል። ካፖርቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ባርኔጣው ደረቱ ላይ ተቀምጧል። መንጋጋው ከአናቱ ጋር በነጭ መሐረብ ታስሯል። ጫማው ወልቆ የሁለት እግሮቹ አውራ ጣቶች በሲባጎ ተጣምረዋል፤ የቋጠሮው ጫፍ የት እንደገባ አይታይም። ጫማዎቹ መስጊድ ደጃፍ የተተዉ ይመስል ጎን ለጎን በሥርዓት ቆመዋል።

ነገሩ የሆነው በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሁሉም ነገር በዕቅድ በሚሠራበት፣ ሪፖርቱም ከሥራው ቀድሞ በሚደርስበት ዘመን ነው። ስለዚህ መርማሪው መቶ አለቃ ገብረየስ ከላንድሮቨሩ ሲወርድ፣ ከክፍለ ሀገሩ የተላከው ካድሬ ጓድ ደረሰ ቀድሞት ደርሶ ምርመራውን ጨርሶ ነበር።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አለ፣ በእስክርቢቶው የሬሳውን እግር እየጠቆመ። «አስረው ነው የገደሉት። አፉን የጠፈሩት እንዳይጮህ ነው። ይህ የተደራጀ የፀረ አብዮት ኃይል ሥራ ነው።»

ገብረየስ ጎንበስ ብሎ አየ። ተወልዶ ያደገው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ወደ አዋሳ ከተዛወረ ገና ዓመት አልሞላውም። በሥራው ብዙ የታሰረ ሰው አይቷል። አውራ ጣትን ከአውራ ጣት የሚያጣምር አሠቃይ ግን ገጥሞት አያውቅም። ይህ የገናዥ እጅ ነው። ሰው ሲሞት አፉ ተከፍቶ፣ እግሩ ተንሻፎ እንዳይደርቅ የሚደረግ ነገር ነው። ገዳዩ፣ ገዳይ ካለ፣ ገድሎ ሲያበቃ የሟቹን ክብር ጠብቆለት ነው የሄደው።

ይህን ለጓድ ደረሰ አልነገረውም። ለጓድ ደረሰ አንድ ነገር መንገር ለሦስት ስብሰባ አጀንዳ ማስያዝ ነበር።

«የጠፋ ነገር አለ?»

«ችካሎቹ፣ ጌታዬ» አለ ረዳቱ ሃምሳ አለቃ ሙህዲን። ካድሬውን በዓይኑ ጫፍ አየና «ጓድ መቶ አለቃ ማለቴ ነው» ብሎ አስተካከለ። «ቀያሾቹ የተከሏቸው፣ አናታቸው ቀይ የተቀባ። አንድም አልቀረ። ጉድጓዶቹም ተደፍነዋል፤ አፈሩ ተረግጦ ተደልድሏል።»

ችካል ነቅሎ ሲያበቃ የሰው ከብት እግሩ እንዳይሰበር ጉድጓዱን የሚደፍን ሌባ! ገብረየስ ይህንንም ለራሱ ያዘው።

«ገዳዩን ይዘነዋል» አለ ጓድ ደረሰ። «ዳንጊሶ የሚባል ገበሬ ነው፤ ሜዳው ግማሹ የሱ ነበር። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ‹እንሰቴ የት ይሂድ?› ብሎ ጠይቋል። ቅዳሜ ትልልቅ እንግዶች የመሠረቱን ድንጋይ ሊያኖሩ ይመጣሉ። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ዳንጊሶን ለጸጥታ ሰዎች እናስረክባለን፤ ወደ ላይ ይላካል።»

ወደ ላይ ከተላኩት መካከል የተመለሰ የለም። መቶ አለቃው ይህን ያውቃል፤ ሙህዲንም ያውቃል። ቅቤ የያዙት ሴቶች እንኳ አማርኛውን በሙሉ ባይሰሙትም ገባቸው መሰል፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

*

የዳንጊሶ ጓሮ ሲፈተሽ ከእንሰቱ ሥር አዲስ የተቆፈረና በቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድ ተገኘ። ጓድ ደረሰ ፊቱ በራ።

«ማስረጃውን ቀብሮታል! ቆፍሩ!»

ፖሊሶቹ ቆፈሩ። ድንጋዩን አነሡ፤ ቅጠሉን ገለጡ፤ ሽታው ብቅ አለ። ገብረየስ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ። ሌላ ሬሳ ያገኙ መሰለው። ሙህዲን ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ቆንጠር አደረገና አሸተተ።

«ቆጮ ነው ጌታዬ። ገና ነው፣ አልደረሰም።»

ዳንጊሶ በሁለት ፖሊስ መካከል በካቴና ታስሮ ቆሟል። አርባዎቹን የተሻገረ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው።

«ቶሎ ክደኑት» አለ። «ንፋስ ከገባው ይበላሻል።»

«ሌላ ነገር ከሥሩ ይኖራል» አለ ጓድ ደረሰ፤ እጁን ግን አልሰደደም።

«ይህን የምንመረምረው በክትፎ ነው፣ ጓድ» አለ ሙህዲን፤ ወላጆቹ ከስልጤ የመጡ ነጋዴዎች ናቸውና በዚህ ጉዳይ ላይ ሥልጣን ነበረው።

ገብረየስ ዳንጊሶን ወደ ጎን ወሰደው።

«እሑድ ሌሊት የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«ሚስቴ።»

«ሚስት ምስክር አትሆንም።»

«ታዲያ ሌሊት ተኝቼ ሌላ ማን ይየኝ?»

መቶ አለቃው ሳቁን በሳል ሸፈነው። «ካሳሁንን ትጠላው ነበር?»

«ካሳሁን ጠዋት ጠዋት ወተት እኔ ቤት ነው የሚጠጣው። ልጄ ሲታመም ሐኪም ቤት ድረስ ያዘለው እሱ ነው።» ፊቱ ግን ደረቅ ነበር። «አሁን ለሱ ማልቀስ አልችልም። ገዳይ ተብያለሁ።»

ገብረየስ የመጨረሻውን ነገር አልተረዳውም። የእስረኛ ንግግር ብሎ አለፈው።

ሐኪሙ ማምሻውን የሰጠው ቃል አጭር ነበር፤ የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል በድንጋይ ጠርዝ ተሰንጥቋል። «ተመትቶ ይሁን ወድቆ፣ ድንጋዩን ጠይቁት» ብሎ ጓንቱን አወለቀ።

*

የመንደሩን ንድፍ ያወጣው አርክቴክት አምሳሉ በቡልጋሪያ የተማረ፣ እጅጌውን የሚሰበስብ ወጣት ነው። እሑድ ሌሊት አዲስ አበባ ወንድሙን ሲድር እንደነበር የሠርግ ፎቶግራፍ አውጥቶ አሳየ፤ ሰክሮ ነው የተነሣው፣ ስለዚህ ገብረየስ አመነው። ጠረጴዛው ላይ መንደሩ በካርቶን ተሠርቶ ተቀምጧል። ቤቶቹ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል።

«ይህ የጋራ ወጥ ቤት። ይህ የንባብ ክፍል። ይህ የዳማ መጫወቻ። ይህ የውይይት አዳራሽ» እያለ አስጎበኘው። «ጡረተኛው ከከተማ ጫጫታ ርቆ፣ ከገበሬው ጎን ለጎን፣ በንጹሕ አየር ቀሪ ዘመኑን በምርት ያሳልፋል።»

«መቃብሩ የቱ ጋ ነው?»

አምሳሉ ካርቶኑን አየ። መቃብር የጠፋበት ሳይሆን ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ይመስል ነበር።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ይህ የመኖሪያ ዕቅድ ነው። ሞት የሚያዘው በሌላ መምሪያ ነው።»

«ጡረተኞቹ አልጠየቁም?»

«በጭራሽ! በሙሉ ድምፅ ነው የደገፉት። ንግግሬን ሳልጨርስ እጃቸውን አወጡ። በራዲዮ እኮ ተላልፏል።» ከዚያ ቅር አለው። «እኔን የሚቆጨኝ ችካሉ ነው። ባሕር ዛፍ ይበቃል ብዬ ነበር። ለእንግዶቹ ክብር ሲባል ዝግባ ሆነ። ያ ሁሉ ዝግባ!»

*

ረቡዕ ገብረየስ ሲቪል ልብስ ለብሶ አዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ካሳሁን ቤት ለቅሶ ሄደ። የእድሩ ድንኳን ከቤቱ ደጃፍ ተተክሏል። ሽማግሌዎቹ ካፖርት እንደለበሱ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም የጡረተኞቹ መንደር ማኅበር አባላት ናቸው። ሊቀመንበራቸው አቶ ግዛቸው፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበሩ፣ የእድሩም ዳኛ ናቸው። ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል ይዘዋል።

«ይቀመጡ መቶ አለቃ። ንፍሮ ይቅመሱ።»

ቀመሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሑድ ሌሊት የት ነበሩ?» አላቸው።

«የት እሆናለሁ? ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ ነው ያደረው።»

«እርስዎስ?» አለ ወደ ጎናቸው ዞሮ። የመንግሥት ሾፌር የነበሩት አቶ ባህሩ ናቸው።

«እኔ የሳቸውን ጉልበት ሳሽ።»

ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ ጉልበቱን ሊጠይቁ ሄደው መሽቶባቸው እዚያው አድረዋል። ከሳቸው ቀጥሎ ያሉት ለጉልበቱ ቅባት ይዘው ሄደዋል። አራተኛው ጉልበቱ ሲታሽ ፋኖስ ይዘዋል። ገብረየስ ይህን ያህል አስታማሚ ያለው ጉልበት ገጥሞት አያውቅም።

«ፋኖስ ለምን? መብራት የለም እንዴ?»

«መብራት ነበር» አሉ ባለፋኖሱ ተደናግጠው።

«መብራቱ የኔን ጉልበት በደንብ አያሳይም» አሉ አቶ ግዛቸው፣ ሰውየውን በከዘራ ጫፍ ነካ እያደረጉ።

ከቤት ውስጥ የሟች ሚስት ወይዘሮ ሙሉጌጥ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች። ገብረየስ እጅ ነሥቶ አጽናናትና ጠየቃት።

«ሬሳው ከሆስፒታል ሲመጣ ማን ገነዘው?»

«ጋሽ ግዛቸው ናቸዋ! የእድራችን ሬሳ ሁሉ የሚያልፈው በሳቸው እጅ ነው። እናቴንም የገነዟት እሳቸው ናቸው። አስረው ሲያበቁ የቋጠሮውን ጫፍ ወደ ውስጥ ይሸሽጉታል። ሌላ ሰው እንዲያ አያውቅበትም።» ዓይኗን ጠረገች። «ገዳዩ ተያዘ አሉ፣ እውነት ነው?»

«አንድ ሰው ታስሯል።»

«ማን?»

«ዳንጊሶ የሚባል።»

ሙሉጌጥ ቀና አለች። «ዳንጊሶ? ባለ ወተቱ? ምን ሆናችሁ እናንተ?» ድምፅዋ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ። «ካሳሁን ከሱ ቤት ቅቤ ይዞልኝ ይመጣ አልነበር? ከራሱ ወንድም ይልቅ የሚወደውን ሰው!»

ድንኳኑ ውስጥ ግን አንድም ሽማግሌ ቀና አላለም።

ገብረየስ ሲወጣ እግሩ የድንኳኑን ገመድ ጠለፈና ሊወድቅ ሲል ችካሉን ይዞ ተረፈ። ለእድር ድንኳን የማይመስል ያማረ እንጨት ነው፤ ዝግባ። አናቱ በቢላ ተልጧል። ስንጥቁ ውስጥ ግን ቢላው ያልደረሰበት ቀይ ቀለም ቀርቷል። በቀጣዩ ችካል ላይም አለ። በዚያኛውም።

አቶ ግዛቸውን ወደ ድንኳኑ ጀርባ ጠራቸው።

«ጥሩ ዝግባ ነው» አላቸው።

ሽማግሌው ችካሉን አዩ፤ እሱን አዩ። ለመዋሸት አሰቡና ልፋት መሰላቸው።

«የእድሩን ችካል ምስጥ በልቶት ነበር» አሉ። «የነቀልነውን ሐይቅ ውስጥ እንጣለው ተባለ። ያንን የመሰለ እንጨት? እጃችን እንቢ አለ። ደግሞ ለካሳሁን ድንኳን ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ዘበኛ ቢሆንም የእድራችን ልጅ ነው፤ አብሮን የነቀለውም እሱ ነው።»

«ስብሰባ ላይ ለምን አልተቃወማችሁም?»

«ልጄ፣ አንተ ስብሰባ ላይ ተቃውመህ ታውቃለህ?»

መቶ አለቃው ንፍሮ ከጥርሱ ሥር የሚያወጣ መሰለ።

«መንደሩን እንዲህ የጠላችሁት ለምንድን ነው?»

«ከከተማው ክልል የወጣን አባል እድሩ አይቀብርም። ሕጉን ያረቀቅሁት እኔው ነኝ፣ እግዜር ይይልኝ። አርባ ዓመት የሰው ሬሳ ስሸኝ ኖሬ፣ እኔ ስሞት የውይይት አዳራሽ ውስጥ ልውደቅ?»

«ሕጉን መቀየር ነዋ።»

«ለዚያ ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልጋል። ለጉባኤው የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቀበሌው ምክንያቱን ሲጠይቅ ምን እንበል? መንግሥት በሠራልን መንደር መሞት ፈራን እንበል?» ከዘራቸውን መሬት ላይ አሻሹ። «ድንጋዩ ያለ ችካል ቢቀር ቅየሳው ይራዘማል፣ ሲራዘም ይረሳል ብለን ነው። ስንት ዕቅድ ሲረሳ አይተናል። የመጨረሻው ችካል አልነቀል አለ። ካሳሁን ‹ሽማግሌ ዞር በሉ› ብሎ በሁለት እጁ ያዘው። ሲወጣለት ወደ ኋላ ሄደ። ከኋላው ድንጋዩ ነበር።»

«ሞቶ ነበር?»

«ስንቱን ሬሳ ይዣለሁ። ሞቶ ነበር።»

«ለምን ጥላችሁት ሄዳችሁ?»

«ሬሳ ተሸክመን በኬላ እንዴት እንለፍ? ግን አፉን ከፍቶ ይደር? ያንን አልቻልኩም። የቀያሾቹ ሲባጎ እዚያው ነበር፤ እጄ የለመደውን ሠራ።»

«ዳንጊሶስ?»

«ይፈታል ብለን ነበር። እስከ ዛሬ አልጮህንም፣ ፈሪ ነን።»

«ዓርብ ጠዋት ይወሰዳል። የሚወሰድ ሰው ሬሳው አይመጣም፣ አቶ ግዛቸው። እሱን የሚገንዘው የለም። ድንኳንም የለውም።»

ገብረየስ ካቴናው ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አላወጣውም። ሽማግሌዎቹን ራሱ ቢያስራቸው የሴራው መጠን ያድጋል እንጂ ዳንጊሶ አይወጣም፤ ጓድ ደረሰ እስረኛ ሲጨምሩለት እንጂ ሲቀንሱለት አይወድም።

አቶ ግዛቸው ድንኳኑን አዩ።

«የካድሬው ቢሮ ጠዋት በስንት ሰዓት ይከፈታል?»

*

ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሜዳሊያ ያለው ሜዳሊያውን፣ የሌለው የጡረታ ካርዱን ደረቱ ላይ አድርጎ ጓድ ደረሰ ቢሮ ገቡ። ችካሎቹን እንደ ሬሳ በሁለት በሁለት ሰው ተሸክመዋቸዋል።

«ካሳሁን የሞተው በኔ ምክንያት ነው» አሉ አቶ ግዛቸው። «ችካሉን እንንቀል ያልኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን ነኝ።»

«ውሸታቸውን ነው» አሉ አቶ ባህሩ። «በዚያ ጉልበት? እኔ ነኝ።»

«የለም፣ ፋኖሱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በሉ!» ጓድ ደረሰ ጠረጴዛውን ደበደበ። «አንድ በአንድ!»

«እሺ» አሉ አቶ ባህሩ። «እኔ ነኝ።»

ካድሬው ወደ ገብረየስ ዞረ። ላብ ግንባሩ ላይ ብቅ ብሏል። «ሁሉንም እሰራቸው!»

«እችላለሁ፣ ጓድ። ግን በሙሉ ድምፅ ደገፉ ተብሎ በራዲዮ የተነገረላቸው እነዚሁ ናቸው። ቅዳሜ እንግዶቹ ነዋሪዎቹን እናነጋግር ቢሉ ወደ እስር ቤት እንወስዳቸዋለን?»

ጓድ ደረሰ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የሚቀጥለው ሹመቱ ብቻ ነበር፣ እሱም ሲንገዳገድ።

«ዘበኛው የሞተው... በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እንደዚያ ነው።»

«ችካሎቹስ?»

«ለእድሳት ተነሥተዋል።»

«ለእድሳት» አለ ጓድ ደረሰ፣ ከረሜላ እንደሚመጥ ሰው። «በዓሉም ለእድሳቱ ሲባል ይተላለፋል። ገበሬው ይፈታ። በሉ ውጡልኝ!»

*

ሙህዲን የእስር ክፍሉን በር ከፈተ። ዳንጊሶ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«ተፈትተሃል፣ ውጣ።»

«ምን ተባለ?»

«አደጋ ነው ተባለ።»

«ማን አለ?»

«ወረቀቱ ነዋ! ተነሣ እንጂ፣ ሰውዬ፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ!»

«ወረቀቱን ቱላ ውስጥ የሚያውቀው የለም» አለ ዳንጊሶ። «ስታሰር ያየኝ ሰው ነው። ገዳይ ሲሉኝ የሰማም ሰው ነው። አሁንም ሰው ይናገር። እስከዚያ እዚሁ ነኝ።»

ገብረየስ በፖሊስነት ዘመኑ አልወጣም ያለ እስረኛ አላየም። ሙህዲንን በዓይኑ ጠየቀው።

«እውነቱን ነው ጌታዬ። በነሱ ዘንድ ደም ያለበት ሰው ከማንም ጋር ከአንድ ገበታ አይቀርብም፤ ለሟችም አያለቅስም። እውነቱ በሽማግሌዎች ፊት በአፍ ካልተነገረ ነፃ ወጣህ ማለት ከትንሹ እስር ቤት ወደ ትልቁ አዛወርንህ ማለት ነው።»

ገብረየስ ቆቡን አነሣ። ዓርብ ጠዋት ለጸጥታ ሰዎች ተመድቦ የነበረውን ላንድሮቨር ሽማግሌዎቹን ሊያሳፍርበት ሄደ።

*

ቱላ ውስጥ፣ ከዚያው ሜዳ ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር፣ የሲዳማ አባቶች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። የአዲስ ከተማዎቹ ሽማግሌዎች አግዳሚ አጡና እየተረዳዱ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሙሉጌጥም መጥታለች። ሽማግሌዎቹ ሊናገሩ መሆኑን ሲሰማ ከእስር ክፍሉ የወጣው ዳንጊሶ ከሁሉም ተለይቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ብቻውን ተቀመጠ።

አቶ ግዛቸው ተነሥተው ተናገሩ። ሙህዲን ወደ ሲዳምኛ መለሰው። ሲጨርሱ አቶ ባህሩ ተነሡ፤ ቀጥሎ ባለፋኖሱ። በዚህ ቦታ «እኔ ብቻዬን ነኝ» የሚል አልነበረም። እያንዳንዱ የሠራውን ብቻ ተናገረ። መጨረሻ ላይ አቶ ግዛቸው «ይህ ሰው ታስሮ ሳለ ንፍሮ ስንበላ ሰነበትን» አሉና ተቀመጡ። ሙሉጌጥ ዓይኗን ከሳቸው ላይ አላነሣችም። ይቅር ማለቷም አለማለቷም ፊቷ ላይ አልተነበበም።

ከአባቶቹ ሁሉ የሸመገሉት አንድ ነገር ጠየቁ።

«መንደሩን ለምን ፈራችሁት ይላሉ» አለ ሙህዲን።

«እዚህ ብንሞት ማን ያለቅስልናል ብለን ነው።»

ሙህዲን ተረጎመ። አባቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌው ረጋ ብለው ተናገሩ፤ ሙህዲን ተከትሎ መለሰው።

«ዳንጊሶ ደም የለበትም፤ ሁሉም ሰምቷል። ካሳሁን የሞተው በኛ መሬት ላይ ነው። እስካሁን ያላለቀስንለት እውነቱን ስላላወቅን ነው ይላሉ።»

ዳንጊሶ ተነሣ። ወደ ድንጋዩ ሄደ፤ አጠገቡ ሲደርስ ካሳሁን የወደቀበት ሣር ላይ ተደፋ። ያን ጊዜ ነው ከሰኞ ጀምሮ የያዘው ድምፅ የወጣው። ሚስቱ ተከተለችው፤ ከዚያ ጎረቤቶቿ፣ ከዚያ የአካባቢው ሴቶች ሁሉ፣ እያጨበጨቡና የካሳሁንን ስም እየጠሩ። ሙሉጌጥ ቋንቋውን አታውቅም። ስሙን ግን ሰማች፤ ተነሥታ መሃላቸው ገባች፤ እነሱም ቦታ ለቀቁላት።

አቶ ግዛቸው ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ አድርገው ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ሙህዲን ጠጋ አሉ።

«እስኪ ጠይቅልኝ፣ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «የነሱ አባል ለመሆን ምን ያስፈልጋል?»

«አሁን አይደለም፣ ጋሽ ግዛቸው» አለ ሙህዲን። «አሁን ዝም ብለው ያልቅሱ።»